ውልና አበባ፦ ከሲያትል የጋራ ጓሮዎች ታሪክ የተማርኩት



ባለፈው ዓመት የማህበራችንን ሂሳብ ስዘጋ አንድ መስመር ላይ ብዙ ቆየሁ። “ለአትክልት ቦታ፦ ዘር፣ ችግኝ፣ አፈርና ኮምፖስት፣ 418 ዶላር” ይላል። ወጪው ተመዝግቧል፤ በአንጻሩ የገባ ነገር የለም። ምክንያቱን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ላላወቃችሁት ግን ባጭሩ ልንገራችሁ።

ከአንድ ሕንጻ ጀርባ ያለ ባዶ መሬት እንድንተክልበት ተፈቅዶልን ነበር። ፈቃዱ በቃል ነው። አሥራ አራት ሴቶች ሆነን በፌብሩዋሪ ቅዝቃዜ ጠርሙስና ድንጋይ ለቀምን፣ መደብ አወጣን፣ አተርና ጎመን ዘራን፣ ድንች ቀበርን። በሜይ ሁለተኛ ሳምንት፣ አተሩ በገመዱ ላይ እየወጣ አበባ ሲያወጣ፣ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ስለተፈለገ በአሥር ቀን ውስጥ ልቀቁ ተባልን። ከእናቶቻችን አንዷ ጎመኑን ከነሥሩ እየነቀሉ በላስቲክ ከረጢት ሲያስገቡ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እኔ ተናድጄ ብዙ ስናገር ቀና ብለው፣ “ተይ ልጄ፣ ሰውየውን አትርገሚው። መሬቱ የራሱ ነው። ወረቀት ያልጠየቅን እኛ ነን” አሉኝ።

ይህ ንግግር ከአእምሮዬ አልወጣም። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ወረቀት ነው። ለሃያ ዶላር የፖስታ ቴምብር ደረሰኝ የምጠይቅ ሰው ለመሬት ደረሰኝ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

በዚያው ዓመት አንድ ሌላ ስህተትም ሠርቻለሁ። በጀቱን ስናዘጋጅ “የአበባ ዘር፣ 36 ዶላር” የሚል መስመር ቀርቦልኝ ሰረዝኩት። “አበባ አይበላም” ብዬ። አንዳንዶቻችሁ ቅር እንዳላችሁ አውቃለሁ።

በብርዱ ወራት በከተማችን ቤተ መጻሕፍት እየተቀመጥኩ የሲያትልን የጋራ ጓሮዎች ታሪክ ሳነብ ሁለቱም ስህተቶቼ ፊቴ ላይ መጡ። ያነበብኩትን ለእናንተ ማካፈል የፈለግኩት አዲሱ ዘር መዝሪያ ሳይደርስ የምንወስነው ነገር ስላለ ነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሽንኩርት የተጀመረ ገበያ

ሲያትል ለአትክልት የተመቸች ከተማ ናት። ክረምቷ ዝናብ ይበዛዋል እንጂ እንደ አገሪቱ መሀል አይከብድም። በጋዋ ደረቅና ለስላሳ ነው። ስለዚህ ጎመን፣ ሰላጣ፣ አተር፣ ቆስጣና ቀይ ሥር እዚህ ደስ ብሏቸው ያድጋሉ። ቱሊፑም፣ ጽጌረዳውም እንደዚያው። ችግሩ ከመጀመሪያው የአየሩ አልነበረም። ከተማዋ እያደገች ስትሄድ ችግሩ “መሬቱ የማን ነው? የሚያመርተውስ ምን ያህል ያገኛል?” የሚል ሆነ።

በ1906 እና በ1907 መካከል የሽንኩርት ዋጋ በከተማዋ በአሥር እጥፍ ገደማ ናረ። ገበሬው ግን ከጭማሪው የሚደርሰው ጥቂት ነበር፤ ትርፉን የሚወስዱት በመሀል ያሉት ደላሎች ናቸው። ሕዝቡ ሲያጉረመርም የከተማው ምክር ቤት ገበሬውና ገዢው በቀጥታ የሚገናኙበት ቦታ ፈቀደ። ኦገስት 17 ቀን 1907 ጥቂት ገበሬዎች ጋሪያቸውን ይዘው መጡ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ያመጡት ሁሉ አለቀ። ዛሬ ቱሪስት የሚጋፋበት የፓይክ ፕሌስ ገበያ እንዲህ ተጀመረ።

በሚቀጥሉት ዓመታት ገበያውን በአትክልትና በአበባ የሞሉት በአብዛኛው ከጃፓን የመጡ ገበሬዎች ነበሩ። ረግረጉን አድርቀው፣ ከተቆረጠ ጫካ የቀረውን ጉቶ ነቅለው ያለሙት መሬት ነው። ነገር ግን የመሬቱ ባለቤት መሆን አይችሉም ነበር። በ1921 የዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ባወጣው ሕግ ዜግነት እንዳያገኝ የተከለከለ የውጭ ሰው መሬት መግዛትም መከራየትም አይፈቀድለትም። በዚያ ዘመን የፌዴራሉ ሕግ ከእስያ ለመጡ ሰዎች ዜግነት ስለማይሰጥ ሕጉ በስም ሳይጠራቸው በእነሱ ላይ የወጣ ነበር። ገበሬዎቹ መሬቱን እዚህ በተወለዱ ልጆቻቸው ወይም በሚያምኑት ወዳጅ ስም ይዘው ኖሩ። ሕጉ በሕዝብ ድምፅ የተሻረው በ1966 ነው።

በዚያው ጸደይ ሁለት ዓይነት ጓሮ

በዚህ ታሪክ ውስጥ እኔን በጣም ያስጨነቀኝ የ1942 ጸደይ ነው።

አሜሪካ ወደ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ መንግሥት ሕዝቡን “በየጓሯችሁ አትክልት ትከሉ” ብሎ ቀሰቀሰ። “የድል ጓሮ” ይባል ነበር። ሣር የነበረው ሁሉ ተቆፈረ። በ1943 የፕሬዚዳንቱ ባለቤት ኤሊነር ሩዝቬልት በነጩ ቤተ መንግሥት ግቢ ሳይቀር አትክልት አስተከሉ። በጦርነቱ ዘመን ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ የድል ጓሮዎች እንደነበሩና አገሪቱ ከምትበላው ትኩስ አትክልት 40 በመቶ ያህሉን እንዳመረቱ ይነገራል። ከዚህ ሥራ ብዙውን የሠሩት ሴቶች ናቸው። መዝራቱም፣ ማረሙም፣ የተረፈውን በጠርሙስ አሽጎ ለክረምት ማስቀመጡም በእነሱ ላይ ነበር።

መንግሥት አንዱን ሰው “ትከል” ሲል ሌላውን “ከተከልከው ላይ ተነሣ” አለው። ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1942 በወጣው የፕሬዚዳንት ትዕዛዝ መሠረት በምዕራብ ጠረፍ ይኖሩ የነበሩ ወደ 120,000 የሚጠጉ ጃፓናውያንና የጃፓን ተወላጆች ከቤታቸው ተነሥተው ወደ ካምፕ ተወሰዱ። ከሦስቱ ሁለቱ ያህል እዚሁ የተወለዱ አሜሪካውያን ዜጎች ነበሩ። መጀመሪያ የተነሡት ከሲያትል ባሻገር ባለችው በቤይንብሪጅ ደሴት የሚኖሩት ናቸው። ቀኑ ማርች 30 ነው። በደሴቲቱ የታወቁት በእንጆሪ እርሻቸው ነበር። እንጆሪ የሚለቀመው በጁን ስለሆነ የዓመቱን ድካም ሜዳ ላይ ጥለው ሄዱ።

የሲያትል ሰዎች ደግሞ መጀመሪያ በፑያለፕ ከተማ ወደሚገኘው የትርዒት ሜዳ፣ ቀጥሎም በአይዳሆ በረሃ ወዳለው የሚኒዶካ ካምፕ ተጓዙ። በፓይክ ፕሌስ ገበያ መደብ መደቡ ባዶ ሆነ። ብዙዎቹ ከጦርነቱ በኋላ ወደ እርሻቸው አልተመለሱም፤ የሚመለሱበት መሬት አልነበራቸውም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛ፣ ሕግ ራሱ ሲጣመም በእጅ ያለ ወረቀት ብቻውን አያድንም። ሁለተኛ፣ በቤይንብሪጅ አንዳንድ ቤተሰቦች እርሻቸውን ለፊሊፒናውያን ሠራተኞቻቸው አደራ ብለው ሄደው ነበር። አደራ የተባሉት እንጆሪውን ለቀሙ፣ መሬቱን ጠበቁ። ሲመለሱም እርሻቸው ቆይቷቸዋል። ወረቀቱ ያልያዘውን ሰው ያዘው ማለት ነው።

የኩቦታ አበባ

በሬይኒየር ቢች አካባቢ የምትኖሩ እህቶቼ የኩቦታን የአትክልት ስፍራ ታውቁታላችሁ። ለሠርግ ፎቶ የምንሄድበት፣ ቀይ ድልድዩና ኩሬው ያለበት ነው። መግቢያው ነጻ ነው። ታሪኩን ግን እኔ እስከዚህ ክረምት ድረስ አላውቀውም ነበር።

ፉጂታሮ ኩቦታ በ1907 ከጃፓን የመጣ ሰው ነው፤ ያ የፓይክ ፕሌስ ገበያ የተከፈተበት ዓመት መሆኑ ነው። የጓሮ ማስዋብ ሥራ የጀመረው በ1923 ሲሆን በ1927 ደግሞ በሬይኒየር ቢች አምስት ኤከር ረግረግ መሬት ገዛ። በራሱ ስም መግዛት ስለማይችል የተገዛው በጓደኛው ስም ነው። ጉቶውን ነቅሎ፣ ምንጩን ኩሬ አድርጎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ የጃፓንን የአትክልት አሠራር ከዚህ አገር ዛፍና አየር ጋር አዋሐደው። ቦታው ለደንበኞቹ ማሳያ፣ ለችግኝ ማፍያ፣ ለጃፓናውያንም መሰብሰቢያ ሆነ።

በ1942 እሱም ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሚኒዶካ ተወሰደ። በዚያ አቧራማ በረሃ፣ በካምፑ መግቢያ ላይ ድንጋይና ተክል አስተካክሎ የአትክልት ቦታ እንዲሠራ መራ። እስረኛ ሆኖ ለእስር ቤቱ በር ጌጥ የሚሠራ ሰው ምን ያስባል? እኔ መልሱን አላገኘሁትም። በሲያትል የተወው ቦታ ግን ለአራት ዓመት ያለ ተንከባካቢ ቆይቶ ዳዋ ዋጠው። ተመልሶ ከልጆቹ ጋር እንደገና ጀመረ። ዜግነት ያገኘው ሕጉ ከተለወጠ በኋላ፣ በ1955 ነው። በ1973 በ94 ዓመቱ ሲያርፍ አምስቱ ኤከር ወደ ሃያ አድጎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቦታው በግንበኞች ዓይን ውስጥ ገባ። የመኖሪያ ሕንጻ ሊሠራበት ሲታሰብ የአካባቢው ሰዎች ተነሡ። በ1981 የአትክልት ስፍራው ማዕከል በከተማው ታሪካዊ ቅርስነት ተመዘገበ፤ በ1987 ከተማው ከቤተሰቡ ገዛው። የአካባቢው ሰዎች የተሟገቱለት ቦታ ጎመን አልሰጣቸውም፤ ለዓይናቸው ውበት፣ ለልጆቻቸው መሮጫ ሰጥቷቸዋል። “አበባ አይበላም” ብዬ የሰረዝኩት መስመር የታወሰኝ እዚህ ላይ ነው።

“ፒ” የማን ፊደል ናት?

አሁን በ1973 ወደተጀመረው ወደ ሌላው ጓሮ ልውሰዳችሁ። በሲያትል የከተማው የጋራ ጓሮዎች “ፒ-ፓች” ይባላሉ። ብዙ ሰው “ፒ” ፐብሊክ ወይም ፓርክ ማለት ይመስለዋል። አይደለም። ፒካርዶ የሚባል የጣልያን ስደተኛ ቤተሰብ ስም ነው።

ፒካርዶዎች በከተማዋ ሰሜን፣ ዌጅዉድ በሚባለው ሰፈር፣ ጥቁርና ለም አፈር ባለበት ሜዳ ለብዙ ዓመታት አትክልት እያመረቱ ይሸጡ ነበር። ከተማዋ ዙሪያቸውን ስትከባቸው የመሬቱ ግብር ከአትክልቱ ገቢ ጋር አልመጣጠን አለ።

በዚያው ጊዜ ከተማዋን ትልቅ ችግር መታት። አውሮፕላን የሚሠራው ቦይንግ በ1960ዎቹ መጨረሻ በአካባቢው ከ100,000 በላይ ሠራተኛ ነበረው፤ በ1971 ከ40,000 በታች ወረደ። ሰው ቤቱን ጥሎ ከከተማዋ ወጣ። መጨረሻ የሚወጣው ሰው መብራቱን እንዲያጠፋ የሚያሳስብ የቀልድ ሰሌዳ መንገድ ዳር እስከ መሰቀል ደረሰ። የሲያትል እህት ከተማ የሆነችው የጃፓኗ ኮቤ ሳትቀር ለተራቡት ምግብ ላከች። “እኛ ርዳታ ሰጪ ነን” ብሎ የሚያስብ ከተማ ርዳታ ተቀባይ ሆነ።

ዳርሊን ራንድበርግ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ሬይኒ ፒካርዶ ሄዳ ከእርሻው አንድ ጥግ ለመነች። ሐሳቧ የሰፈሩ ተማሪ ቤት ልጆች አትክልት እንዲያመርቱና ለተራቡት ምግብ ለሚያከፋፍለው ድርጅት እንዲሰጡ ነበር። ፈቀደላት። መሀሉ ላይ ባቄላ፣ ብሮኮሊና ጎመን ለተቸገሩት ተተከለ፤ በዙሪያው ደግሞ ለሚያግዙ ቤተሰቦች ትናንሽ መደብ ተሰጣቸው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የእኛን ይመስላል። አንድ ደግ ሰው፣ አንድ ጥግ መሬት፣ የቃል ፈቃድ። ልዩነቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። እነዚህ ሰዎች በደግነቱ ብቻ አልቆሙም። ጉዳዩን ወደ ከተማው ምክር ቤት ወሰዱት። በ1973 ከተማው የመሬቱን ግብር ሊሸፍን፣ ቤተሰቡም መሬቱን ሊያከራይ ተስማሙ። በ1975 ከተማው መሬቱን ገዛው። ባለ መሬቱ ከግብሩ ተገላገለ፣ ከተማው ሥራ ላጣው ሕዝብ የሚያሳየው ነገር አገኘ፣ አትክልተኛው ደግሞ “በሚቀጥለው ዓመትም እዚሁ ነኝ” ብሎ የማሰብ ዕድል አገኘ። የፒካርዶ ቦታ ዛሬም አለ፤ ከሁለት ኤከር በላይ ሆኖ ከፒ-ፓቾች ሁሉ ትልቁ ነው።

ወደ ኋላ ተመልሼ የሌላ ከተማን ሂሳብ ላነጻጽር። በ1894 የዲትሮይት ከንቲባ ሄዘን ፒንግሪ ሥራ ላጡ ሰዎች ባዶ መሬቶችን አስለምኖ ድንችና አትክልት አስተክሎ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 945 ቤተሰቦች ወደ 430 ኤከር ገደማ አረሱ። ወጪው 3,600 ዶላር ያህል ሲሆን የተገኘው ምርት ከ12,000 ዶላር በላይ ተገመተ። እንደ ሂሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ትርፍ ብዙ ጊዜ አላይም። ነገር ግን መሬቱ የውሰት ነበር። ክፉው ዘመን ሲያልፍ ባለቤቶቹ መሬታቸውን ለሕንጻ ፈለጉት፤ ጓሮዎቹም ጠፉ። የድል ጓሮዎችም አብዛኞቹ ጦርነቱ ሲያበቃ እንዲሁ ሆኑ። የፒካርዶን ጥግ ከነዚህ የለየው የአፈሩ ጥቁረት አይደለም። የ1973ቱ ውል ነው። “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት አባቶቻችን እውነት ብለዋል።

ከተማው ራሱ ሲሸጥስ?

“መሬቱ የከተማው ከሆነ አለቀ” እንዳትሉ አንድ ነገር ልጨምር። በማውንት ቤከር ሰፈር ብራድነር የሚባል ቦታ አለ። እዚያ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ የመጡ ስደተኞችና የሰፈሩ ሰዎች አትክልት ይተክሉ ነበር። በ1990ዎቹ አጋማሽ ከተማው ቦታውን ለመኖሪያ ቤት ሥራ ሊሸጠው አሰበ። አትክልተኞቹና ጎረቤቶቻቸው ከመላው ከተማ ፊርማ ሰበሰቡ። ያቀረቡት ሕግ የከተማው ፓርክ መሬት ተመጣጣኝ ምትክ ሳይገኝለት ለሌላ ጥቅም እንዳይሰጥ የሚከለክል ነው። ምክር ቤቱ በ1997 ተቀበለው። ለአንድ ጓሮ የተጀመረ ክርክር የከተማውን ፓርኮች ሁሉ ጠባቂ ሆነ።

ዛሬ ብራድነር ስትሄዱ የአትክልተኞቹ መደብ ከጌጥ አበባ መደቦች ጋር ጎን ለጎን ተሠርቶ ታያላችሁ። መደብ የሌለው ሰውም ልጁን ይዞ ይመጣል፣ አበባ ያያል፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጎመን ብቻ ቢሆን ኖሮ የአሥር ሰው ጉዳይ ነው። አበባው የሰፈሩ ሁሉ አደረገው።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ ንባብ ፍሬ ለእኔ ሁለት ቃል ነው፤ ውልና አበባ። መሬትን ለሚቀጥለው ጸደይ የሚያቆየው በአንድ በኩል የተጻፈ ውል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ቀን ሲከፋ “ይህ ቦታ አይነካም” ብሎ የሚቆም ጎረቤት ነው። ጎረቤቱን የሚያመጣው ደግሞ በአጥሩ በኩል የሚያየው ነገር ነው።

የእኛ ሰዎች በዚህ ታሪክ ውስጥ

ይህ የሌላ ሰው ታሪክ ብቻ አይደለም። ከ1995 ጀምሮ የከተማው የጋራ ጓሮ መርሐ ግብር ከቤቶች ባለሥልጣኑ ጋር ሆኖ በመንግሥት ቤቶች ግቢ ጓሮዎችን ሲያቋቁም ከተጠቀሙት መካከል የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች አሉ። በኒው ሆሊና በሬይኒየር ቪስታ ስታልፉ የሐበሻ ጎመን ረዝሞ ካያችሁ የማን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። ዛሬ በከተማው ወደ 90 የሚጠጉ ፒ-ፓቾች አሉ። ደንባቸውም ግልጽ ነው፤ የኬሚካል ማዳበሪያና መርዝ አይፈቀድም፣ እያንዳንዱ ባለ መደብ በዓመት ቢያንስ 8 ሰዓት ለጋራው ቦታ ይሠራል። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር ነው እንዴ? ዕድር ውስጥ ያደግን ሰዎች ነን። ተራ ገብቶ መሥራት፣ የቀረ ሰው መቀጮ መክፈል፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ ከእናቶቻችን ያየነው ነው።

ስለ ጌጥና ስለ ምግብ ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ሲያትል እንደመጣሁ የመጀመሪያው ጸደይ ላይ አንድ ሱፐርማርኬት መኪና ማቆሚያ ዳር ጥቅጥቅ ብሎ የተተከለ አጥር አየሁ፤ ሰማያዊ አበባ አውጥቷል። ጠጋ ስል የጥብስ ቅጠል ነው! እዚህ ሮዝመሪ ይሉታል። ሰው ሁሉ ሳይነካው ያልፋል። እኔ ግን ሽታው እናቴ ወጥ ቤት ድረስ ወሰደኝ። ለእነሱ ጌጥ የሆነው ለእኛ ቅመም ነው። ጤና አዳምም እንደዚሁ ነው፤ በዚህ አገር ሰዎች ለቅጠሉ ውበት ይተክሉታል፣ እኛ ለቡናችን እንቆርጠዋለን። ስለዚህ “የሚበላ” እና “የማይበላ” ብዬ በሁለት ዓምድ የከፈልኩት ሂሳብ ከመጀመሪያውም ትክክል አልነበረም።

ለሚመጣው ጸደይ

በአገራችን የዘመን አከፋፈል ጸደይ የሚገባው መጋቢት 26 ነው፤ እዚህ ኤፕሪል መጀመሪያ መሆኑ ነው። የሲያትል ጓሮ ግን እስከዚያ አይጠብቅም። ካነበብኩትና ከእናቶቻችን ከሰማሁት አጠር አድርጌ ላስቀምጥ።

አተር በፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘራል፤ ብርድ ይወዳል። በማርች ድንች፣ የሐበሻ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ይከተላሉ። ድንብላልም በዚሁ ጊዜ ይዘራል፤ ሙቀት ሲመጣ ቶሎ ወደ አበባ ስለሚሄድ በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት መዝራት ይሻላል። ቲማቲም፣ ቃሪያና በሶብላ ግን አትቸኩሉባቸው። ችግኙን ቤት ውስጥ በመስኮት በኩል አሳድጋችሁ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ከ10 ዲግሪ በታች መውረዱን ሲያቆም፣ ብዙ ጊዜ በሜይ አጋማሽ፣ አውጧቸው። ነጭ ሽንኩርት የሚቀበረው በኦክቶበር ነው፤ ጁላይ ላይ ይነቀላል። ይህም ሌላው ውል የሚያስፈልግበት ምክንያት ነው። በመጪው ጁላይ በቦታው ላይ መኖሩን ያላረጋገጠ ሰው ነጭ ሽንኩርት አይቀብርም።

አበባውን ዳር ዳሩን አድርጉት። አሊሰም የምትባለው ትንሽ ነጭ አበባ የጎመናችንን ጠላት፣ ክሽክሽን፣ የሚበሉትን ዝንቦች ትጠራለች። ዱባ ያለ ንብ ስለማያፈራ ንብ የሚስብ አበባ አጠገቡ ይኑር። ናስተርሺየም ደግሞ ቅጠሉም አበባውም ይበላል፤ እንደ ፌጦ ያቃጥላል። በአጥሩ ላይ የጥብስ ቅጠል፣ በበሩ ግራና ቀኝ ጤና አዳም ይተከል። መንገደኛውም ያያል፣ እኛም እንቆርጣለን።

ለጉባኤው የማቀርበው

በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ሁለት ነገር ይዤ እቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ከእንግዲህ ማህበራችን በቃል በተፈቀደ መሬት ላይ ገንዘብ እንዳያወጣ። በፒ-ፓች በኩል ተራ እንያዝ። በግል መሬት ከሆነም ቢያንስ የአንድ ሙሉ ዓመት የተጻፈ ውል ይኑር፤ ቦታው ሲፈለግ የስንት ወር ማስጠንቀቂያ እንደሚሰጠን በውሉ ላይ ይጻፍ። ዘር ዘርቶ እስከ መልቀም የሚፈቅድ ጊዜ መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ የሰረዝኩትን 36 ዶላር መመለስ። ባለፈው ዓመት ልቀቁ ስንባል አንድም ጎረቤት አልጠየቀልንም። በሰውየው ላይ ብቻ ሳይሆን በጎረቤቶቹም አዝኜ ነበር። አሁን ሳስበው ግን በአጥራችን በኩል ያየነው ሰው፣ ሰላም ያልነው ሰው፣ አንድ እፍኝ አተር ያቀመስነው ሰው ነበር ወይ? ለራሳችን ብቻ ተክለን ሌላው እንዲያዝንልን ፈለግን።

ለማህበራችን ገንዘብና መሣሪያ የሰጣችሁን ደጋፊዎቻችን፣ ያ 418 ዶላር በመዝገባችን ላይ እንደ ኪሳራ ተጽፏል፤ አልደበቅነውም። አካፋዎቹና ባልዲዎቹ አሁንም አሉ፤ ቆጥሬ አስቀምጫቸዋለሁ። ጎመኑም ሁሉ አልሞተም። እኚያ እናታችን በላስቲክ ከረጢት የወሰዱት በረንዳቸው ላይ ባለ ባልዲ ውስጥ ክረምቱን አልፎ አሁን ቢጫ አበባ አውጥቷል። ዘሩን እየጠበቁት ነው። “ውሉን ስትጨርሺ ንገሪኝ፣ ዘሩ ከእኔ ነው” ብለውኛል።